የወዲያኛውን ቃል አምጪ

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጉዳይ ልደታ ሄጄ ነበር። ወረቀት ኮፒ ላስነሳ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። ሱቁን የያዘችው ወጣት ደረሰኝ ልቁረጥልዎት ብላ ጥራዙን ከፈተችና በሁለቱ ወረቀቶች መሃል ካርቦን ስታስገባ ሽታው መጣ። ሰም ሰም ይላል፣ ትንሽ ደግሞ ነጭ ጋዝ ይነካዋል፤ ሌላ እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ወረቀቴን ይዤ መውጣት ሲገባኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ሌላ ነገር ነበር እናቴ?» አለችኝ።

የለም አልኳት። ነበር እንጂ።

ዛሬ ፎቁ የቆመበት ሁሉ ድሮ የቀበሌ ቤት ነበር። የኛ ግቢ ሁለት ቤትና አንድ ቧንቧ ነበረው። በአንደኛው እኔና እናቴ፣ በሌላኛው እትዬ ዘሃራ ከልጃቸው ከረውዳ ጋር እንኖር ነበር። በመሃላችን ያለው ግድግዳ ጭቃ ስለነበረ ረውዳ ስታስነጥስ ይማርሽ የምላት ከአልጋዬ ሳልወርድ ነው። በዚያ ክረምት ደግሞ የእትዬ ዘሃራ አሮጊት እናት ታመው ከገጠር መጥተው እነሱ ጋ ነበሩ።

አስር ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ምላሴ ስለት ነበረው። የሰፈሩ ልጆች ሲጣሉ እኔን ከጎናቸው ለማሰለፍ ይሻሙ ነበር፤ ስከራከር ትንፋሽ አልሰጥም፣ አንዱን ሲመልሱልኝ ሦስት እደርብባቸዋለሁ፣ አፋቸውን ካልያዙ አልለቅም። ስሜ ትርሲት ሆኖ ሳለ ሰፈሩ ያወቀኝ ጠበቃዋ በሚል ነው። እኔም አምኜበት ነበር።

እናቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ትሠራለች። ሚስትም ልጅም ለሌላቸው ለጋሽ መንገሻም ምሳ ትሠራላቸው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ምሳቸውን የማደርሰው እኔ ነኝ። ሳህኑን በጨርቅ ቋጥሬ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተሳልሜ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ፍርድ ቤቱ አጥር ድረስ እሄዳለሁ። እዚያ ማመልከቻ ጸሐፊዎች በየጃንጥላቸው ሥር ተደርድረው ይቀመጣሉ። ታይፕራይተሮቹ አንድ ላይ ሲመቱ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስሉ ነበር። ጥቁር ካባ የለበሱ ሰዎች ሲያልፉ መነኮሳት ይመስሉኝና ጎንበስ እል ነበር። አንድ ቀን አንዱን ተከትዬ መስቀል ያሳልሙኝ ስለው ደንግጦ ኪሱን መፈተሽ ጀመረ።

ጋሽ መንገሻ ከተርታው መጨረሻ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የመነጽራቸው አንዱ ጆሮ በክር የታሰረ። የሚጽፉት በሁለት ጣት ነው። ታይፕራይተራቸው በሳጥን ላይ ይቀመጣል፤ ከፊት ለፊቱ ለባለጉዳይ ሁለት ዱካ አለ። ለምን ሁለት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ከሁሉ በላይ የምወደው ካርቦኑን ነው። ሦስት ወረቀት ይደራርባሉ፣ በየመሃሉ ካርቦን ያስገባሉ፣ ጠርዙን በጉልበታቸው ላይ መታ መታ አድርገው ያስተካክላሉ። አንዱ ለፍርድ ቤት፣ አንዱ ለተከሳሽ፣ አንዱ ለባለቤቱ ነው አሉኝ። እኔ ምን መሰለኝ መሰላችሁ? ላይኛው ከሳሽ ያለውን ይጽፋል፣ ከሥር ያለው ሰማያዊው ደግሞ ተከሳሹ የሚለውን። ያ ጥቁር ወረቀት መሃል ላይ ተቀምጦ ነገሩን ገልብጦ ለወዲያኛው ሰው የሚናገር መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የወደቀ ቅጂ አንስቼ ሳነበው ያው ቃል ለቃል አንድ ሆኖ አገኘሁት። ተበላሽቷል ብዬ ይዤላቸው ሄድኩ። ነገሩ ሲገባቸው መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

«እንዲህ ያለ ካርቦን ቢኖርማ ልጄ፣ እኔ እዚህ ብርድ ላይ ምን አስቀመጠኝ» አሉ።

ጋሽ መንገሻ አንድ አመል ነበረባቸው። ባለጉዳዩ በደሉን ተናግሮ ሲጨርስ ጥሩ ይሉና እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ። ወረቀት አያስገቡም። «የወዲያኛውንስ ቃል?» ይላሉ። የከሰስከው ሰው እዚህ ዱካ ላይ ቢቀመጥ ምን ይላል ማለታቸው ነው። ራሱ ሰውየው ቢሰማው አዎ፣ እንደሱ ነው እንዲል አድርገህ ካልነገርከኝ አልጽፍም ነው ነገሩ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ይቀልዱባቸው ነበር፤ ደንበኛ ማባረር የፈለገ ወደ መንገሻ ይላክ ይላሉ።

አንድ የአብነት ሰፈር ልብስ ሰፊ ትዝ ይለኛል። ወንድሙን ሊከስ የመጣ ነው። አባታቸው የተወላቸውን ሱቅ ለሁለት ከፍለው ሲሠሩበት ወንድምየው በሩን በኮተት እየዘጋበት ተቸግሯል። ሰውየው ወገቡን ይዞ ሲናገር ምራቁ ይረጫል። የወዲያኛው ቃል ሲባል የወንድሙን ድምፅ እያሾፈ አስመሰለ። ይሄማ ቧልት ነው አሉት። ደግሞ ሞከረ፤ ይሄም ስድብ ነው አሉት። ሦስተኛውን ሲጀምር፣ «አባታችን ሲሞት አስታሞ የቀበረው እኔ ነኝ፣ አንተ የመጣኸው…» አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ማመልከቻም አላስጻፈ።

ቃሉን በትክክል ተናግረው ማመልከቻቸውን የሚያስጽፉም ነበሩ። የእነሱ ወረቀት ሲነበብ ጩኸት የለውም፤ ግን ማን ሊመልስለት ይችላል ያሰኛል።

እኔ ግን አልገባኝም። ሽማግሌው ለጠላት የሚያዳሉ መሰለኝ። አፉን ካስያዙት በቃ ረቱት አይደል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ዝም ያለ ሁሉ አመነ ማለት አይደለም» አሉኝ፣ እንጀራቸውን እየጠቀለሉ። «ከአንቺ ለማምለጥ ዝም ብሎ ይሆናል።»

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጠና። ግቢያችን ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነው፤ ውሃው ከላይ ይመጣና በእትዬ ዘሃራ በር አልፎ ይወርዳል። አንድ ቀን ሰብሮ ቤታቸው ገባ። በማግስቱ እትዬ ዘሃራ ድንጋይና ሲሚንቶ አስመጥተው በራቸው ላይ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ግድብ አሠሩ። ሳምንት ሳይሞላው ከሰዓት በኋላ ያ ዝናብ ሲመጣ፣ ውሃው ግድቡን መታና ዞሮ እኛ ቤት ገባ።

ቤት የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጫማዬ እንደ ጀልባ ሲንሳፈፍ እያየሁ አልጋ ላይ ወጥቼ እስቅ ነበር። እናቴ ከሥራ እየሮጠች መጣች። እኔን እንኳ አላየችኝም። በጉልበቷ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥኗን ጎተተች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከፈተችው፣ ከደነችው። ከዚያ ወጥታ እትዬ ዘሃራ ላይ ጮኸች። እናቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በሕግ እጠይቅሻለሁ አለቻቸው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሰላምታ ቀረ። አንዷ ቧንቧው ጋ ስትሆን ሌላዋ ባልዲዋን ይዛ በሯ ላይ ትጠብቃለች። እኔና ረውዳም እንዳንነጋገር ተባልን። ማታ ማታ ግድግዳውን በጣቷ ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ እኔም ሁለት እመታለሁ። ሌላ ምን እናድርግ? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ ይሄም እንደሚቀር ይሰማኝ ነበር።

እንዲያም ሆኖ እናቴ ማመልከቻ እንዲጽፉልኝ ለጋሽ መንገሻ ንገሪያቸው ስትለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ትልቅ ሰው የሰጠኝ የመጀመሪያው ክርክር ነው። ዱካው ላይ ተቀመጥኩና ቀጠልኩ፤ ፍራሹን አንሳፈፍኩት፣ ግድግዳውን ናድኩት፣ እናቴን ሳንባዋን አሳመምኳት። ጋሽ መንገሻ ሰሙኝ፣ ሰሙኝና «ጥሩ። የወዲያኛውን ቃል አምጪ» አሉኝ።

ተዘጋጅቼበት ነበር። እትዬ ዘሃራ እኔ ምን አገባኝ፣ ከፈለጉ ይበስብሱ ብለዋል አልኳቸው።

«በጆሮሽ ሰማሽ?»

ዓይኔን ወደ ታይፕራይተሩ መለስኩ።

«ይቺ እንድትረቻት ብለሽ የፈጠርሻት ዘሃራ ናት» አሉ። «እንዲህ ያለችዋን ማንም ይረታታል። እውነተኛዋን አምጪልኝ፤ ወረቀቱ ያኔ ይገባል።»

በማግስቱ እናቴ ሥራ ስትሄድ ተደብቄ የእነ ረውዳን በር አንኳኳሁ። ልሰልል ነው የሄድኩት፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ግድቡን ተሻግሬ ስገባ አሮጊቷ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል፤ እድሜያቸውን ሙሉ አልጋ ላይ ተኝተው ስለማያውቁ እወድቃለሁ ብለው ይፈሩ ነበር። ሌላ አንድ ፍራሽ በግድግዳው ተደግፎ ቆሟል፤ እስከዚያን ቀን ድረስ አልደረቀም። እትዬ ዘሃራ ሻይ ቀዱልኝ። አላባረሩኝም። ጠበቃ መሆኔን ረስቼ፣ ለምን ነው ግድቡን የሠሩት ብዬ ጠየቅኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ውሃው ሲገባ እኔ ገበያ ነበርኩ። እናቴን ጀርባዋን ሲያርሳት ሸንታ መሰላት። አፍራ ዝም አለች። ስመጣ ውሃው እዚህ ደርሶ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ‹ይቅር በዪኝ ልጄ› ትለኛለች።»

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ነው የተበላሸሁት። የዚያኑ ቀን አመሻሽ እናቴ ቧንቧው ጋ ልብስ ታጥባለች፣ እትዬ ዘሃራ በራቸው ላይ ባልዲያቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ፣ በአጥሩ ቀዳዳም ጎረቤት ያያል። እኔ መሃል ላይ ቆምኩና እናቴን ተከራከርኳት። ያየሁትን ሁሉ ዘረዘርኩ። አሮጊት ከሚበሰብስ ዕቃ ቢበሰብስ አይሻልም ወይ አልኩ። መልስ ለመስጠት ቀና ስትል አቋረጥኳት። «አንቺ ምን ጠፋብሽ? አንድ አሮጌ ሳጥን ነው የራሰብሽ።»

እናቴ አየችኝ። አፏ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። እትዬ ዘሃራ ራሳቸው፣ የተከራከርኩላቸው ሴትዮ፣ «ተይ አንቺ ልጅ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ ያልጨመቀችውን ልብስ ከነአረፋው ባልዲ ውስጥ ከታ ገባች። እኔ ረታሁ ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ምሽት ከእሷ የሰማሁት እራት ስታቀርብልኝ «ብዪ» የሚል አንድ ቃል ነው።

ጠዋት ምሳውን እንደወትሮዋ ቋጥራ ሰጠችኝ። ለጋሽ መንገሻ ድሌን ስተርክላቸው የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱት።

«የእናትሽን ቃልስ ማን ያዘ?»

እሷማ የኛ ወገን ናት አልኳቸው። ከሳሽ ናት፣ ቃሏን ተናግራለች።

«የሚናገሩት ሁሉ ቃላቸው ቢሆን እኔ አንድ ዱካ ይበቃኝ ነበር» አሉ። ከዚያ፣ «ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?»

አላውቅም። ከአልጋዬ ሥር ያለ ሳጥን ነው፤ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ወደ ቤት ሄጄ ከፈትኩት። ሁለት ደብተር አለ፤ ረጥቦ የደረቀ፣ እንደ ቆርቆሮ የተጣጠፈ። ሰማያዊው ቀለም ፈሶ ገጹ ሁሉ ደመና ሆኗል። የኔ አሮጌ ደብተሮች መሰሉኝ። ግን ጽሑፉ የኔ አይደለም፤ ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው እስኪደርስ የተጫነ። ከመጨረሻው ገጽ ግማሹ ተርፏል። አስ፣ አስ፣ አስካ፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች አስካለ፣ አስካለ፣ አስካለ ይላል። የእናቴ ስም ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን አመሻሽ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፌስታል የሆነ ነገር ይዛ፣ ማኅበር አለብኝ እያለች ትወጣ ነበር። ማኅበር ላይ ያለእኔ ዳቦ እየበላች ነው ብዬ ስንት ቀን አኩርፌያለሁ። ለካ የማታ ትምህርት ቤት ነው። ውሃው ከገባ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልወጣችም ነበር፤ ያን ልብ ያልኩት ያኔ ነው።

ከሥራ ስትመለስ ምስር ልትለቅም ሰፌዱን ይዛ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ ያንቺን ቃል ልበል። ከተሳሳትኩ አርሚኝ» አልኳት።

ምስሩን መልቀሟን አላቋረጠችም።

«እኔ አስካለ፣ ለማንም ሳልናገር ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ደሞዝ ስቀበል በአሻራ ነው የምፈርመው። አንድ ቀን በስሜ ልፈርም ብዬ ነበር። ልጄ አምስተኛ ክፍል ስትገባ እኔም ወረቀቷ ላይ በስሜ ልፈርምላት ብዬ። ውሃው ወሰደብኝ። ስለዚህ ዘሃራ ላይ ተናደድኩ።»

እጇ ቆመ። «አልተናደድኩም» አለች። «አፈርኩ። ደብተሩን ልታይብኝ ነው ብዬ አፈርኩ። ዘሃራ ላይ የጮኽኩት ዓይንሽን ከሳጥኑ ላይ አንስተሽ ወደ ውጭ እንድታዪ ብዬ ነው።»

«የቀረውስ?»

«አዎ» አለች። «እንደሱ ነው።»

ያቺን አዎ ዛሬም እሰማታለሁ። ስንቱን አፉን አስይዤ ያላገኘሁትን በዚያች ቀን አገኘሁ። የቧንቧውን ነገር ግን አላነሳሁትም፤ እሷም አላነሳችውም። ምስሩን አብረን ለቅመን ጨረስን።

ለእትዬ ዘሃራ የነገረቻቸው ራሷ ናት። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። ግን ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ነጠላቸውን ለብሰው፣ እኔና ረውዳ ከኋላ፣ ጋሽ መንገሻ ጋ ሄድን። ሁለቱ ዱካዎች ለምን እንደሆኑ ያኔ ገባኝ። ካፊያ ነበር፤ ጃንጥላውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እናቴ የእትዬ ዘሃራን ቃል ተናገረች። አሮጊቷ ይቅር በዪኝ ልጄ ያሉት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እሳቸው የእናቴን ቃል ያዙ። አንድ ቦታ ተሳሳቱ፤ ሦስት ደብተር ሲሉ እናቴ ሁለት ነው ብላ አረመቻቸው። ተሳሳቁ። አጠገባችን ያሉት ጸሐፊዎች ጣታቸውን አቁመው ይሰሙ ነበር።

«አሁን ወረቀት ይገባል» አሉ ጋሽ መንገሻ።

ክስ አልነበረም የጻፉት፤ አራት መስመር ስምምነት ነው። ግድቡ በግማሽ እንዲቀንስ፣ ከሁለቱ በር መሃል እስከ መንገዱ ድረስ ቦይ እንዲቆፈር። ለፊርማ የአሻራውን ቀለም ሲከፍቱ እናቴ ይተዉት አለቻቸው። ወረቀቶቹን ከነካርቦናቸው ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስደገፈች። እስክሪብቶውን እንደ ቢላ ጨብጣ፣ ምላሷን ከንፈሯ ጥግ ላይ አድርጋ ጻፈች። ሰው ሁሉ ጠበቀ። አስካለ። ስትገልጠው በሦስቱም ላይ አለ፤ ላይኛው ጥቁር፣ ሁለተኛው ሰማያዊ፣ ሦስተኛው እንደ ጥላ። እትዬ ዘሃራ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ጫኑና የእናቴን ስም ትክ ብለው አዩት።

«አንቺ አስካለ፣ እኔንም ይቀበሉኛል?» አሏት።

ቦዩን እኔና ረውዳም ቆፍረናል። ጭቃ በጭቃ ሆነን፣ ያልተነጋገርንበትን ሦስት ሳምንት በአንድ ቀን አወራነው። መስከረም ሲጠባ ሁለት ሴቶች ፌስታል ይዘው አመሻሽ ላይ ከግቢ ሲወጡ፣ እኛ ደግሞ አሮጊቷ አጠገብ ተቀምጠን እንጠብቃቸው ነበር። ማኅበር ነው እያሉ መውጣታቸውን ግን አልተዉም።

አሁን እናቴ የለችም። ጋሽ መንገሻም። ሰፈሩ ሲፈርስ እነ ረውዳ አንድ ዳር ደረሳቸው፣ እኛ ሌላ ዳር። ያ ሦስተኛው ቅጂ በዕቃ ማጓጓዙ መሃል ጠፋ።

ከኮፒ ቤቱ ስወጣ ዝናብ ጀምሮ ነበር። በሱቁ ጣሪያ ሥር ተጠጋሁ። ውሃው ከፎቆቹ መሃል መጣ፣ የቆሙትን መኪናዎች ዞረ፣ ከዚያ ያን የድሮ ቁልቁለት ይዞ እትዬ ዘሃራ በር በነበረው በኩል ወደ መንገዱ ወረደ። ሰው አጠገቤ አልነበረም። ያልያዝኩትን ቃል ልያዝ ብዬ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ።

እኔ አስካለ፣ ቧንቧው ጋ ልብስ ሳጥብ ልጄ በሰው ፊት ሳጥንሽ ምንድን ነው አለችኝ። መልስ ነበረኝ። ብናገረው ደብተሬን አወጣባታለሁ፤ እሷም በሰው ፊት ታፍራለች። ስለዚህ ልብሱን ከነአረፋው ይዤ ገባሁ። በማግስቱ ምሳውን ቋጥሬ ሰጠኋት። ያኔውኑ ይቅር ብያት ነበር።

ይሄ መጨረሻው ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ዝናቡ እስኪያባራ ቆሜ ጠበቅኩ።